ላባቸው ከደረቀ ዓመታት ያለፋቸው ሴቶች

እስቲ አንድ ጥያቄ በማንሳት እንጀምር። አንዲት ሴት ማለዳ ተነስታ አቅመ ደካማ አረጋዊ ቤት ትገባለች። ከአልጋ ታነሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ቁርስ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች። ይህን እንደጨረሰች ወደሚቀጥለው ቤት ትሮጣለች። በዚያው ማለዳ፣ በዚያው ከተማ፣ አንድ ሰው የቆሻሻ መኪና ተከትሎ ከየደጃፉ ገንዳ እያነሳ ይገለብጣል። ሁለቱም የአንድ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ለመሆኑ ከሁለቱ ለየትኛው ሥራ የበለጠ መከፈል አለበት?

መልሱን ለመስጠት አትቸኩሉ። ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎች ሳቀርበው ወንዶቹ ስለ ጉልበት፣ ሴቶቹ ስለ ኃላፊነት እያነሱ ሲከራከሩ የክፍለ ጊዜው ደወል ይደወላል። በብሪታንያ ግን ጉዳዩ የክፍል ክርክር ሆኖ አልቀረም። ማዘጋጃ ቤቶቹ ሥራዎቹን በነጥብ መዝነው «እኩል ናቸው» ካሉ በኋላ ለወንዱ አብልጠው ሲከፍሉ ተገኙ። ሴቶቹ ልዩነቱን ጠየቁ። ሐቃቸው መሆኑም በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። ሆኖም ገንዘቡ እጃቸው እስኪገባ ብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረባቸው። ለምን ይህን ያህል ዘገየ? መዘግየቱስ ማንን ጠቀመ፣ ማንንስ ጎዳ? በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህንኑ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ራሱ ዘግይቶ ጀመረ

ነገሩ የሚጀምረው ከማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ከመኪና ፋብሪካ ነው። በ1968 በለንደን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ዳገንሃም በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ፣ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ሥራ አቆሙ። ቅሬታቸው ስፌታቸው «ሙያ የማይጠይቅ» ተብሎ ዝቅተኛ ደረጃ መሰጠቱ ነበር። ወንበር የሌለው መኪና አይሸጥምና ፋብሪካው ቆመ። የወቅቱ የሥራ ሚኒስትር ባርባራ ካስል ጣልቃ ገብተው ደመወዛቸው ከወንዶቹ ጋር እንዲቀራረብ ተደረገ። በ1970 ደግሞ ፓርላማው የእኩል ክፍያ ሕግ አወጣ።

ይሁንና ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው ታኅሣሥ 29 ቀን 1975 ነው። አሠሪዎች «እንዲዘጋጁ» አምስት ዓመት ያህል ተሰጣቸው። አንዳንዶቹም በሚገባ ተዘጋጁበት! የወንዶችንና የሴቶችን ሥራ ለያይተው፣ ሴቷ ራሷን የምታወዳድረው ወንድ እንዳታገኝ አደረጉ። የዳገንሃም ሴቶች የተነሱለት የደረጃ ጥያቄ ራሱ የተመለሰው በ1984 ሌላ አድማ ካደረጉ በኋላ ነው። እነሆ 16 ዓመት!

የመጀመሪያው ሕግ ሌላም ቀዳዳ ነበረበት። አንዲት ሴት ልትጠይቅ የምትችለው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ወንድ ካለ፣ አለበለዚያም አሠሪዋ ፈቅዶ ሥራዎቹን አስመዝኖ እኩል ከሆኑ ብቻ ነበር። ታዲያ ምግብ የምታበስል ሴት ምን ታድርግ? አጠገቧ የሚያበስል ወንድ የለም። በ1982 የአውሮፓ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ብሪታንያ በዚህ ጥፋተኛ ናት ብሎ ስለወሰነ፣ ከ1984 መግቢያ ጀምሮ «እኩል ዋጋ ላለው ሥራ» እኩል ክፍያ መጠየቅ ተፈቀደ። በዚህ በር ቀድመው ከገቡት አንዷ በበርክንሄድ የመርከብ መሥሪያ ምግብ አብሳይ የነበረችው ጁሊ ሄይወርድ ናት። ሥራዬ ከቀለም ቀቢው፣ ከአናጢውና ከሙቀት መከላከያ ገጣሚው ሥራ አያንስም አለች። ሥራዋ እኩል መሆኑ ቢታመንም አሠሪው «ምግብና የተሻለ የሕመም ፈቃድ ታገኛለችና ሒሳቡ ይቻቻላል» ብሎ ተሟገተ። ነገሩ እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ችሎት ደርሶ በ1988 ለእርሷ ተፈረደ። አንዲት አብሳይ፣ አንድ ደመወዝ፣ አራት ዓመት!

«እኩል ሥራ» እና «እኩል ዋጋ ያለው ሥራ» የሚሉት ሐረጎች ለጆሮ ይቀራረቡ እንጂ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 100ኛው ስምምነት ግን «እኩል ዋጋ» ነው የሚለው። የመጀመሪያው የሚጠቅመው ከወንድ ጎን ተሰልፋ አንድ ዓይነት ሥራ የምትሠራውን ነው። ሁለተኛው «የሴት ሥራ» ተብሎ ለተተወው ሙያ ሁሉ በር ይከፍታል።

ቦነሱ ለማን ነበር?

አሁን ወደ ማዘጋጃ ቤቶቹ እንመለስ። በወረቀት ሲታይ አድልዎ የለም። በ1987 በእንግሊዝና በዌልስ የማዘጋጃ ቤት የጉልበት ሠራተኞች ሥራ በሙሉ በነጥብ ተመዝኖ በየደረጃው ተመደበ። በቤት ለቤት እንክብካቤ፣ በጽዳትና በምግብ ዝግጅት የሚሠሩት ሴቶች ከቆሻሻ ሰብሳቢው፣ ከአትክልተኛውና ከመቃብር ቆፋሪው ጋር በአንድ ደረጃ ተቀመጡ። መነሻ ደመወዛቸው አንድ ሆነ። ልዩነቱ የተደበቀው ከመነሻ ደመወዙ በታች ባለው መሥመር ነበር፤ «ቦነስ» በሚለው።

ቦነሱ ሲጀመር የሥራ ውጤትን ለማሳደግ የታሰበ ነበር። በጊዜ ብዛት ግን የተለየ ውጤት ታየም አልታየም በየወሩ የሚከፈል ቋሚ ገንዘብ ሆነ። ለመንገድ ሠራተኛው፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢው፣ ለአትክልተኛው ተሰጠ። ለአብሳይዋ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለአረጋውያን ተንከባካቢዋ አልተሰጠም። በበርሚንግሃም ከተማ ከ4,000 በላይ ሴቶች ያቀረቡት ክስ በ2010 በሥራ ክርክር ችሎት ሲታይ፣ ለአንዳንድ የወንዶች ሥራ የሚከፈለው ቦነስ እስከ መነሻ ደመወዙ 160 ከመቶ ሊደርስ ይችል እንደነበር ተገለጸ። ማለትም ወንዱ 100 ፓውንድ መነሻ ካለው 260 ይዞ ሲገባ፣ በዚያው ደረጃ ያለችው ሴት 100 ይዛ ትገባለች። ሴቶቹ ይህን ለብዙ ዓመታት አላወቁም። ማን የሌላ ሰው የደመወዝ ወረቀት ያያል?

በሰሜን ዮርክሻየር የተደረገው ደግሞ የባሰ ነበር። የትምህርት ቤት ምግብ የሚያዘጋጁት ሴቶች ሥራ ከወንዶቹ እኩል ተመዝኖ ሳለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከግል ድርጅቶች ጋር ተወዳድሮ ጨረታውን ለማሸነፍ የሴቶቹን ደመወዝ ቀነሰ። የሰጠው ምክንያት «ገበያው አስገደደኝ» የሚል ነበር። በ1995 የመጨረሻው ችሎት ምክንያቱን ውድቅ አደረገ። ገበያው ለሴቶች ሥራ ርካሽ ዋጋ የሚሰጠው ሴቶች ስለሚሠሩት ከሆነ፣ ይህ የበደሉ ማስረጃ እንጂ ማስተባበያ ሊሆን አይችልም።

ማዘጋጃ ቤቶቹና የሠራተኛ ማኅበራቱም ነገሩ እንደማያዋጣ ስለገባቸው በ1997 በእንግሊዝና በዌልስ፣ በ1999 ደግሞ በስኮትላንድ ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ የደመወዝ ሥርዓት ለማጠቃለል ተስማሙ። በስኮትላንድ እስከ 2004 እንዲጠናቀቅ ነበር የታሰበው። በተባለው ጊዜ የጨረሰው አንድ ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነው። ሁሉም ጨርሰው የተገኙት በ2010 ነው። የስኮትላንድ የሒሳብ ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ2004 ወዲህ 70,000 ያህል የእኩል ክፍያ አቤቱታዎች ቀርበዋል፤ 27,000 ያህሉ ገና እልባት አላገኙም ነበር። ማዘጋጃ ቤቶቹ ለማካካሻ ያወጡት ገንዘብም 750 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር።

ዕዳን የማጓተቻ መንገዶች

ውድ አንባብያን! መዘግየት ሲባል ዝም ብሎ የተቀመጠ ዶሴ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ ዓመት የራሱ ውሳኔ ነበረው።

የመጀመሪያው መንገድ ሴቶቹን በጥቂት ገንዘብ ማሰናበት ነበር። ሴቶቹ ተጠርተው የተወሰነ ገንዘብ ይቀርብላቸውና «ከእንግዲህ አልጠይቅም» ብለው እንዲፈርሙ ይደረጋል። ግላስጎው በ2005 እና በ2006 ይህን አድርጓል። የበዓል ወጪ ለተጫናት፣ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት በእጅ ያለ ገንዘብ በፍርድ ቤት ካለ ብዙ ገንዘብ ይበልጣል። ፈረሙ። ምን ያህል እንደሚገባቸው ያወቁት ከፈረሙ በኋላ ነው።

ሁለተኛው «የደመወዝ ጥበቃ» የተባለው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ቦነሱን ሲሰርዝ ወንዶቹ በድንገት እንዳይጎዱ በማለት የቀድሞ ገቢያቸውን ለተወሰኑ ዓመታት ያስቀጥልላቸዋል። በግላስጎው ሦስት ዓመት ነበር። ለወንዶቹ ማዘኑ መልካም ነው፤ ቤተሰብ አላቸውና። ነገር ግን ሴቶቹ ድሮም ያንን ቦነስ ማግኘት ይገባቸው ከነበረ፣ ጥበቃውም ለእነርሱ ይገባ ነበር። አለበለዚያ በደሉ ስሙን ቀይሮ ሦስት ዓመት ተራዘመ ማለት ነው። በእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህንን በ2008 ተናግሮታል። የግላስጎው ሴቶች ግን በራሳቸው ጉዳይ ይኸው እንዲወሰንላቸው እስከ ግንቦት 2017 መጠበቅ ነበረባቸው።

ሦስተኛው አሠሪውን መቀየር ነው። ግላስጎው በ2009 የእንክብካቤ፣ የምግብና የጽዳት ሥራውን «ኮርዲያ» ወደሚባል፣ ራሱ ወዳቋቋመው ድርጅት አዛወረ። ሴቶቹ በዚያው ቤት፣ ያንኑ ሥራ እየሠሩ አንድ ቀን «አሠሪያችሁ ሌላ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ወንዶች ጋር ልትወዳደሩ አትችሉም» ተባሉ። ይህ ክርክር ብቻውን ዓመታት ፈጅቶ በ2014 በስኮትላንድ የበላይ ፍርድ ቤት በሴቶቹ አሸናፊነት ተዘጋ። ድርጅቱም በ2018 ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ተመለሰ።

አራተኛው መረጃ መከልከል ነው። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ይህ ነው። በ2010 ለደቡብ ላናርክሻየር ማዘጋጃ ቤት አንድ ቀላል ጥያቄ ቀረበለት፤ በተወሰኑ የሥራ መደቦች፣ በእያንዳንዱ የደመወዝ እርከን ላይ ስንት ሠራተኛ አለ? ስም አልተጠየቀም። ቁጥር ብቻ! ማዘጋጃ ቤቱ አልሰጥም ብሎ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገተና በሐምሌ 2013 ተሸነፈ። ቁጥሩን ለማወቅ ብቻ ሦስት ዓመት! ያውም ከሕዝብ በተሰበሰበ ግብር በተከፈላቸው ጠበቆች።

የስሌቱ ነገር

አሁን እርሳስና ወረቀት ያዙና አንድ ላይ እናስላ። ለምሳሌ ያህል በአንዲት ሴትና በአንድ ወንድ መካከል የሰዓቱ ልዩነት 1 ፓውንድ ብቻ ይሁን። ሴትየዋ በሳምንት 30 ሰዓት ትሠራለች። በዓመት 1,560 ፓውንድ ይጎድልባታል። በ1990 ተቀጥራ በ2007 ክስ ብትመሠርት፣ በ17 ዓመት የተቀነሰባት 26,520 ፓውንድ ነው። ነገር ግን በስኮትላንድ ውዝፍ ደመወዝ መጠየቅ የሚቻለው ክሱ ከቀረበበት ቀን ወደ ኋላ ለአምስት ዓመት ብቻ ነው፤ በእንግሊዝ ለስድስት። ስለዚህ የምትጠይቀው 7,800 ይሆናል። ቀሪው 18,720 ቀልጦ ቀረ።

እንግዲህ መዘግየት ማንን እንደሚጠቅም ተመልከቱ። ሴቷ ሳታውቅ በቆየች ቁጥር የድሮው ዕዳ በየዓመቱ ከኋላ እየተቆረጠ ይወድቃል። ጡረታዋም የሚሰላው በተቀነሰው ደመወዝ ነው። ሥራዋን ከለቀቀች ደግሞ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ለመሄድ ያላት ጊዜ ስድስት ወር ነው። በጥቅምት 2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጠባብ ድምፅ፣ ሦስት ለሁለት፣ ይህ ጊዜ ያለፈባቸው 170 ያህል የበርሚንግሃም የቀድሞ ሠራተኞች በመደበኛው ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ዓመት ድረስ ሊከሱ ይችላሉ ብሎ ባይፈርድ ኖሮ፣ የእነርሱ ሐቅ ጨርሶ ይቀር ነበር።

በመድረሳ የሙዓመላት ትምህርት የቀመሰ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መክፈል እየቻለ ዕዳውን የሚያጓትት ሰው አድራጎት «መጥል» ይባላል፤ ከዙልም ነው የሚቆጠረው። ያጣ ሰው ግን ጊዜ ይሰጠዋል። ታዲያ ማዘጋጃ ቤቶቹ ያጡ ነበሩ ወይስ የሚያጓትቱ? «ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ትምህርት ቤት እንዝጋ?» ይሉ ነበር። ጥያቄው ተራ ምክንያት አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤት የራሱ ኪስ የለውም። ሆኖም ግላስጎው በ2014፣ በርሚንግሃም በ2022 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችን አስተናግደዋል። ትልቁን ወጪ መንግሥት ቢሸፍነውም ከተሞቹም ድርሻቸውን አውጥተዋል። ዕዳ ያለበት ሰው ድግስ ሲደግስ ጎረቤት ምን ይላል?

ማኅበራቱና ጠበቆቹ

ማዘጋጃ ቤቶቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ ቦነሱንም ለወንዶች አባሎቻቸው ያስገኙት እነርሱ ናቸው። ድርድር በመጣ ጊዜ የወንዶቹን ገቢ ከመቀነስ ለማትረፍ የሴቶቹን ውዝፍ በርካሽ የሸጡበት ሁኔታ ነበር። በሚድልስብሮ ከተማ ሴቶች የገዛ ማኅበራቸውን ጂ.ኤም.ቢ.ን ከሰው በ2008 በይግባኝ ፍርድ ቤት ረቱት።

በዚህ ክፍተት ገብተው «ካላሸነፍን አንጠይቅም፤ ካሸነፍን ድርሻችንን እንወስዳለን» የሚሉ ጠበቆች መጡ። ከሁሉ የታወቁት ስቴፋን ክሮስ ናቸው። ከሴቶቹ ገንዘብ መቶኛ ይቆርጣሉ ተብለው ብዙ ተወቅሰዋል። ወቀሳው እውነትነት አለው። ነገር ግን እርሳቸውና መሰሎቻቸው በሺህ የሚቆጠሩ ክሶችን ባያቀርቡ ኖሮ፣ ማኅበራቱ ከእንቅልፋቸው የሚነቁ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ጂ.ኤም.ቢ.ም ሆነ ዩኒሰን የሴቶቹ ዋና ተሟጋች ለመሆን በቅተዋል።

ግላስጎው፦ ሁለቱ የጥቅምት ቀናት

በነሐሴ 2017 የስኮትላንድ የበላይ ፍርድ ቤት፣ ግላስጎው በ2006 ያወጣው የሥራ ምዘና ተገቢ መሆኑን ማስረዳት አልቻለም ብሎ ወሰነ። ምዘናው ከሚያስገርሙት ነገሮች አንዱ በሳምንት 37 ሰዓት ለሚሠራ ተጨማሪ ነጥብ መስጠቱ ነበር። 37 ሰዓት የሚሠሩት በብዛት ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ልጅ ስለሚያሳድጉ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ሥራውን ለጧትና ለማታ ከፋፍሎ ስለሚሰጣቸው፣ ሰዓታቸው ከዚያ ያንስ ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ለብዙ ዓመታት ከተማዋን የመራው የሌበር ፓርቲ ከሥልጣን ወረደ። አዲሷ መሪ ሱዛን ኤትከን ጉዳዩን በድርድር እንደሚጨርሱ ቃል ገቡ። በ2018 መጀመሪያ ላይም ማዘጋጃ ቤቱ ይግባኙን ትቶ ለመደራደር ወሰነ። ስብሰባው ቀጠለ፤ ወራት አለፉ፤ የገንዘብ መጠን ግን አልተነሳም። ሴቶቹ ሌላ ማጓተት ሆኖ ታያቸው።

ከዚያም ጥቅምት 23 እና 24 ቀን 2018 ከ8,000 በላይ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የተንከባካቢዎች አድማ ከፎርድ አድማ ይለያል። መኪና ያለ ወንበር ቢቀር የሚጎዳው ፋብሪካው ነው። አልጋ ላይ ያሉ አረጋዊ ግን የሚያነሳቸው ካጡ ምን ይሆናሉ? ሴቶቹን ለዓመታት አስሮ የያዛቸው ይኸው ርኅራኄያቸው ነበር፤ ማዘጋጃ ቤቱም ያውቀዋል። ስለዚህ ለአጣዳፊ ሕሙማን የሚሠሩ ሰዎች እንዲቀሩ ተደርጎ ሌሎቹ ወጡ። በዚያ ቀን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተከሰተ፤ ብዙ ወንድ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች የሴቶቹን ሰልፍ አልፈን መኪና አናወጣም ብለው ቆሙ። ለዓመታት በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ «ተነጻጻሪ» እየተባሉ ከሴቶቹ ጋር ሲለኩ የኖሩት እነርሱ ናቸው!

በጥር 2019 ስምምነት ተደረሰ። ጠቅላላው 548 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፤ ክፍያውም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ገንዘቡን ለማግኘት ማዘጋጃ ቤቱ ትልቁን የኤግዚቢሽንና የስብሰባ ማዕከሉን ጨምሮ ሕንፃዎቹን ለራሱ ድርጅት ሸጦ መልሶ ተከራየ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። የተወገዘው ምዘና በሌላ እስኪተካ ድረስ ልዩነቱ በየወሩ መቀጠሉ አይቀርም። በመሆኑም በ2022 ሁለተኛ ስምምነት አስፈልጎ ጠቅላላው ዕዳ 770 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ተጨማሪ ሕንፃዎችም ተሸጡ። ገንዘቡን ሳያዩ የሞቱ ሴቶች እንዳሉ ማኅበራቱ ደጋግመው ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ክስ በሕጉ ለወራሽ ስለሚተላለፍ እናታቸው የጀመረችውን ክርክር ልጆች ሊረከቡት ይችላሉ።

በርሚንግሃም፦ ዕዳው ወደ ሁሉም ቤት ሲገባ

በርሚንግሃም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ በ2021 ቆጠራ 30 ከመቶ ያህሉ ሙስሊም ሆኖ የተገኘባት ከተማ ናት። ከ2012 ወዲህ ለእኩል ክፍያ ያወጣችው 1.1 ቢሊዮን ፓውንድ መሆኑን ማዘጋጃ ቤቱ በ2023 ገልጿል። በ2015 ታዋቂውን የኤግዚቢሽን ማዕከሏን በ307 ሚሊዮን ስትሸጥ አንዱ ምክንያት ይኸው ዕዳ ነበር። ያን ሁሉ ከከፈለች በኋላ ነገሩ ያበቃል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በቆሻሻ ሰብሳቢዎች ዘንድ «ሥራህን ጨርሰህ ሂድ» የሚባለው ልማድ አልቀረም። ሥራቸውን ቀድመው ከጨረሱ ሙሉ ደመወዝ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ተንከባካቢዋ ግን አንዱን ቤት ቶሎ ብትጨርስ ሌላ ቤት ይጠብቃታል።

በ2023 ማዘጋጃ ቤቱ እንደገና ከ650 እስከ 760 ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት ዕዳ እንዳለበት አስታወቀ። መስከረም 5 ቀንም በሕጉ አንቀጽ 114 መሠረት ግዴታ ከሆኑ አገልግሎቶች በስተቀር አዲስ ወጪ ማቆሙን ገለጸ። እርግጥ ነው፣ የከሸፈ የኮምፒውተር ሥርዓትና ለዓመታት የተቀነሰ የመንግሥት ድጎማም ድርሻ ነበራቸው። የዕዳው ግምት ተጋኗል የሚሉ ባለሙያዎችም ኋላ ላይ ተነስተዋል። ለነዋሪው ግን ውጤቱ አንድ ነው። በ2024 የማዘጋጃ ቤቱ የቤት ግብር በ10 ከመቶ ገደማ ጨመረ፤ በ2025 ደግሞ 7.5 ከመቶ ተጨመረበት። የወጣቶች አገልግሎትና ቤተ መጻሕፍት ተቀነሱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያንን የጨመረ ግብር የምትከፍለው ማን ናት? ያው ተንከባካቢዋ ናት። ልጆቿ የሚያጠኑበት ቤተ መጻሕፍት የተዘጋባት፣ ወንድ ልጇ ከትምህርት በኋላ የሚውልበት ማዕከል የቀረባት እርሷ ናት። ውዝፏ ሲመጣላት በሌላ እጅ ይወሰድባታል። «ሴቶቹ ከተማዋን አከሰሯት» የሚል ወሬም በየቦታው ይሰማል። ዕዳውን ግን የፈጠሩት ሴቶቹ አይደሉም፤ የጠየቁት ሠርተው ያልተከፈላቸውን ነው። በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ቢከፈል ኖሮ ማንም ሕንፃ ባልሸጠ ነበር።

በታኅሣሥ 2024 ማዘጋጃ ቤቱ ከጂ.ኤም.ቢ.ና ከዩኒሰን ጋር 6,000 ያህል አቤቱታዎችን ለመቋጨት የሚያስችል ስምምነት ላይ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አዲስ የእኩል ክፍያ ዕዳ እንዳይፈጠር በሚል ከቆሻሻ መኪና ሠራተኞች የሥራ መደቦች አንዱን ሰረዘ። ዩኒት የተባለው የሠራተኞቹ ማኅበር ምክንያቱን አልተቀበለም፤ ደመወዝ ይቀንስብናል ብሎ ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ሙሉ አድማ መታ። ከተማዋ በቆሻሻ ክምር ተሞላች፤ አይጥ በየመንገዱ ታየ። ወንዱም በተራው በደመወዙ ተጠየቀ፤ የሴቷን ወደ ላይ ከማንሳት የእርሱን ወደ ታች ማውረድ ቀለለ። በግላስጎውም አዲሱ የሥራ ምዘና ይጠናቀቃል የተባለበት ጊዜ ደጋግሞ ተላልፏል። በዚህ መሐል ጡረታ የምትወጣ እያንዳንዷ ሴት የስድስት ወሩን ቀን ከዕለቱ ጀምራ መቁጠር አለባት።